መራራውን ያስቀረው ጠማቂ

አንድ ወጣት አባት ነበር። ስሙ አዳሙ ይባላል። ሥራው የፎቅ ቤት ሊፍት መጠገን ነው። ሚስቱ ታማ ሞተችበትና ሶስና ከምትባል ትንሽ ልጁ ጋር ቀረ።

አዳሙ ሚስቱን ቀብሮ ሲመለስ በልቡ አንድ ነገር ወሰነ። ይህች ልጅ ከእንግዲህ መራራ ነገር አትቀምስም አለ። ድንኳኑ ተነሥቶ ለቀስተኛው እንደተበተነ የሚስቱን ፎቶ ከግድግዳ አወረደ። ቀሚሶቿን ለዘመድ ሰጠ። ሊጠይቁት የሚመጡትን ሰዎች በር ላይ እየጠበቀ፣ «አደራ፣ በልጅቱ ፊት ስሟን እንዳታነሡብኝ» ይላቸው ነበር። አክስቶቹ ቅር ቢላቸውም እሺ አሉት። ሶስና «እማዬስ?» ስትለው ከረሜላ ይሰጣታል፤ አለዚያም ቴሌቪዥን ይከፍትላታል።

ልጅቱም ቀስ በቀስ መጠየቅ ተወች። አዳሙ በመጀመሪያ ዕፎይ አለ። ልጅ ቶሎ ይረሳል ብሎ አሰበ። ነገር ግን ሶስና መጠየቅ ብቻ አልነበረም የተወችው። ማልቀስም ተወች፤ መሣቅም ተወች። ምግብ ሲቀርብላት ጥቂት ነካ ነካ አድርጋ «ጠገብኩ» ትላለች። ተቀመጪ ቢሏት «እሺ»፣ ተኚ ቢሏት «እሺ»፣ ተነሺ ቢሏት «እሺ»። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እየቀነሰች የምትሄድ ይመስላል።

አንድ ቀን የመዋዕለ ሕፃናት አስተማሪዋ አዳሙን አስቀርታ፣ «ልጅህ በጣም ጨዋ ናት» አለችው።

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አለ።

«ማመስገኔ አይደለም። በዚህ ዕድሜ እንዲህ ያለ ጨዋነት ጤና አይመስለኝም።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ አዳሙን ፍርሃት ያዘው። ሚስቱን በሞት ተነጥቋል፤ ልጁ ደግሞ በዓይኑ ፊት፣ እዚያው ቤት ውስጥ ተቀምጣ እየራቀችው ነው። ምን እንደሚያደርግ አያውቅም። የሚያውቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ከረሜላውን ጨመረ።

አብሮት የሚሠራ ጓደኛው ሁኔታውን አይቶ፣ «እጅህ ሥራ ሲፈታ ነው ሐሳብ የሚጫወትብህ። እንካ፣ በዚህ እጅህን አስይዘው» ብሎ ከውጭ አገር ያመጣውን ካርቶን ሰጠው። በካርቶኑ ውስጥ ቤት ውስጥ ቢራ ለመጥመቅ የሚያስፈልገው ሁሉ አለ። ክዳን ያለው የፕላስቲክ ባልዲ፣ በጣሳ የታሸገ እንደ ማር የወፈረ የብቅል ጭማቂ፣ እርሾ፣ ደግሞም በትንሽ ከረጢት የታሸገ የደረቀ አረንጓዴ አበባ።

«አይ ፒ ኤ የሚሉት ዓይነት ነው» አለው ጓደኛው። «ከቢራ ሁሉ መራራው እሱ ነው። መራራ የሚያደርገው አበባው ነው።»

አዳሙ በተከራየበት ግቢ እማማ ዘርፌ የሚባሉ ጠላ ጠማቂ ይኖራሉ። አዳሙ ደጅ ላይ ትልቅ ድስት ጥዶ ሲያዩት ነጠላቸውን እያጣፉ መጡ።

«ምን እየሠራህ ነው አንተ ልጅ?»

«ቢራ ልጠምቅ ነው እማማ።»

«ቢራ? በዚህ ባልዲ? ይኼ ልብስ የሚዘፈዘፍበት አይደለም እንዴ?»

«ለዚሁ ተብሎ የተሠራ ነው እማማ።»

«ይሁን። በወይራ አጥነኸዋል?»

«ፕላስቲክ እኮ ነው፤ ይቀልጣል።»

«እንግዲያው ዕቃ አይደለማ! ጭስ የማይችል ዕቃ መጠጥ እንዴት አድርጎ ሊችል ነው?» አሉና እየሣቁ ወደ ጋኖቻቸው ተመለሱ።

አዳሙ ውኃውን አፈላ፤ የብቅሉን ጭማቂ ገልብጦ አማሰለ። ተራው የአበባው ሆነ። ከረጢቱን ቀደደና አንዷን አበባ በጥርሱ ነከስ አደረጋት። ምሬቷ ምላሱን ጨምድዶ ያዘው። ቢተፋት፣ ውኃ ቢጠጣባት አልለቅ አለችው።

«ይኼ ቤት የመረረው ይበቃዋል» አለ። ከረጢቱን አጥፎ መደርደሪያ ላይ አስቀመጠው። ድስቱን አውርዶ አበረደ፤ ወደ ባልዲው ገለበጠ፤ እርሾውን ነሰነሰበትና ከደነው።

በማግስቱ ቢራው መፍላት ጀመረ። በክዳኑ ላይ በተሰካችው የአየር መውጫ በኩል ብልቅ፣ ብልቅ ይላል። ሶስና መጥታ ባልዲው አጠገብ ቁጢጥ አለች። ጆሮዋን ወደ ክዳኑ አስጠግታ አዳመጠች።

«አባዬ፣ ምን እያለ ነው?»

አዳሙ ልጁ ጥያቄ ስትጠይቅ በመስማቱ ልቡ ዘለለ። «እየተነፈሰ ነው» አላት።

«መተንፈስ ያቆማል?»

አዳሙ ጥያቄው ከየት እንደመጣ ገባው። ልጅቱ የእናቷን የመጨረሻ ቀናት አይታለች።

«ነይ፣ ካርቱን ልክፈትልሽ» አለ።

«እሺ» አለች ሶስና። ተነሥታ ሄደች።

ሰንበት ብሎ ብልቅታው ቆመ። አዳሙ በብርጭቆ ቀድቶ ቀመሰው። ይጣፍጣል። ደግሞ ቀመሰው። ከመጣፈጡ በቀር ምንም የለውም። አፍ ላይ ይለጠፋል፣ ይሰለቻል። ሦስተኛ ጉንጭ አልወርድ አለው። ግራ ገብቶት ብርጭቆውን ይዞ ወደ እማማ ዘርፌ ዘንድ ሄደ።

እማማ ዘርፌ አሸተቱት፤ ከዚያም ጥቂት ጎንጨት አሉ። ፊታቸውን አዞሩና ዋጡት።

«እውነቱን ልንገርህ ወይስ ላመስግንህ?»

«እውነቱን።»

«በፍል ውኃ የሟሟ ከረሜላ ነው። ጌሾ የለውም እንዴ የእናንተ ቢራ?»

«ነበረው። እኔ ነኝ የተውኩት።»

«ለምን?»

«መራራ ነው ብዬ።»

እማማ ዘርፌ ሊሥቁ ከጅለው ነበር፤ ፊቱን ሲያዩ ግን ተዉት። ብርጭቆውን መለሱለት።

«እኔ ጠላ ስጠነስስ መጀመሪያ ከውኃው ጋር የማገናኘው ጌሾውን ነው» አሉ። «አሻሮው ኋላ ነው የሚመጣው። መራራው ቀድሞ ቦታውን ካልያዘ ጣፋጩ የሚደገፈው ያጣል። እንዲህ ይዝለፈለፋል። ቶሎም ይበላሻል።»

«አሁንማ አለፈ» አለ አዳሙ። «አንዴ ከፈላ በኋላ ምን ይደረጋል?»

«ማን ነው አለፈ ያለህ? እኔ ራሴ ለሠርግ የጠመቅኩት ጠላ ጌሾ አንሶበት ጉድ ልሆን ነበር። ለብቻው አፈላሁና ጨመርኩበት። ከመጀመሪያው እንደገባው አይሆንም፤ ግን ይሆናል። አበባውን ጥለኸዋል?»

«አለ።»

«እንግዲያ ምን ይገትርሃል? አምጣዋ!»

አዳሙ ከረጢቱን ከመደርደሪያው አወረደ። እማማ ዘርፌ ትንሽ ድስት ይዘው ወደ አዳሙ ቤት ገቡና ምድጃው ላይ ጣዱ። አበባው የፈላው ውኃ ውስጥ ሲገባ እንፋሎቱ ቤቱን ሞላው። መራራ ሽታ ይሆናል ብሎ ጠብቆ ነበር። ሽታው ግን ልክ እንደ ብርቱካን ልጣጭ ነው።

«ይገርማል!» አሉ እማማ ዘርፌ። «የእኔ ጌሾ እንዲህ ሸትቶ አያውቅም።»

ሶስና ከጓዳ ወጣች። አፍንጫዋን ወደ ላይ ቀና አድርጋ በሩ ላይ ቆመች።

«እማዬ ብርቱካን ስትልጥ እንዲህ ነው የሚሸተው» አለች።

ወዲያው በሁለት እጇ አፏን ያዘች። ዓይኗን አባቷ ላይ ተክላ ደነገጠች።

«ይቅርታ አባዬ» አለች።

አዳሙ ተንበረከከ። «ለምንድን ነው ይቅርታ የምትዪኝ?»

«እማዬ ስል አንተ ሽንት ቤት ትገባለህ። ቧንቧውን ትከፍታለህ። ከዚያ ታለቅሳለህ።»

አዳሙ ቧንቧውን የሚከፍተው ልቅሶው ለእሷ እንዳይሰማ ነበር።

«ስለዚህ ተውኩት» አለች ሶስና። «እንዳታለቅስ ብዬ ነው።»

እማማ ዘርፌ ጀርባቸውን ሰጥተው ድስቱን ማማሰል ቀጠሉ። የሚያማስለው እጃቸው ከሚገባው በላይ ፈጠነ።

አዳሙ መሬት ላይ ተቀመጠ። ለልጁ ብሎ ዝም አለ፤ ልጁም ለእሱ ብላ ዝም አለች። አንዱ ሌላውን ሊጠብቅ ሲል ሁለቱም በአንድ ጣሪያ ሥር ብቻቸውን ሆነው ከረሙ። ልጅቱ እናቷን አልረሳችም ነበር። ብቻዋን ተሸክማት ነበር።

«እማዬ ብርቱካን ስትልጥ...» አለ አዳሙ። አልተነሣም፤ ወደ ሽንት ቤትም አልሄደም። እዚያው በልጁ ፊት እንባውን አፈሰሰና እንደገና ጀመረ። «ውዳላት ብርቱካን ስትልጥልሽ ምን ታደርግ ነበር?»

የሚስቱን ስም ከቀብሯ በኋላ በዚያ ቤት ውስጥ የጠራው ገና ያኔ ነው።

ሶስና እንባውን ዐየች። ቤቱ እንዳልፈረሰም ዐየች። ቀረብ አለችው።

«ልጣጩ እንዳይበጠስ ቀስ ብላ ታዞረዋለች። ከዚያ አምባር ነው ብላ እጄ ላይ ታደርግልኛለች። እኔ ሙሽራ እሆናለሁ። እሷ እልል ትላለች።»

አዳሙ ይህን አያውቅም ነበር። እሱ ሥራ ሲውል እናትና ልጅ ሠርግ ይደግሱ ነበር ማለት ነው። የሚስቱ ነገር ሁሉ አልቋል፣ ከእንግዲህ አዲስ የሚጨመር የለም ብሎ ነበር። ለካስ ልጁ ዘንድ እሱ ያላያት ሚስቱ አለች።

«ሌላስ?» አላት።

ሶስና አፏን ከፈተችና ልትነግረው ስትል ልቅሶ ቀደማት። ያለቀሰችው እንደ ልጅ ነው፤ ጮክ ብላ፣ ንፍጧን ሳትጠርግ። አዳሙ አቅፏት አብሯት አለቀሰ። ዝም በይ አላላትም።

ልቅሶው ሲበርድ ሶስና ፊቷን በአባቷ ሸሚዝ አበሰች።

«ራበኝ» አለች።

«እሰይ!» አሉ እማማ ዘርፌ፤ ድስቱን አውርደው በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን እየጠረጉ። «ቆይ፣ ከእኔ ቤት ወጥ ላምጣ። አንተ እስከዚያ ይኼን አጥልለህ፣ ሲቀዘቅዝ ባልዲህ ውስጥ ጨምረው።»

ሶስና የዚያን ዕለት እስኪበቃት በላች። እየበላችም አወራች።

ቢራው ደርሶ ጠርሙስ ውስጥ ሲገባ መራራ ነበር፤ ሽታው ግን ደስ ይላል። ጣፋጩም ከሥር ተሰማ። ጓደኛው ቀምሶ «ትንሽ ይቀረዋል» አለው። እማማ ዘርፌ አንድ ብርጭቆ ጨርሰው፣ «ጠላ አይደለም፤ ግን ይወርዳል» አሉ። ከእሳቸው አፍ ይህ ትልቅ ምስጋና ነበር። አዳሙም የሚስቱን ፎቶ መልሶ ሰቀለ። ሶስና ስለ እናቷ ትጠይቀዋለች፤ ይመልስላታል። እሱም ይጠይቃታል፤ ትመልስለታለች። አንዳንድ ቀን ያለቅሳሉ። አንዳንድ ቀን ደግሞ ይሥቃሉ፤ ሳቁ እየበዛ መጥቷል።

እንግዲህ የዚህ ታሪክ ቁም ነገር ይህ ነው። ለምንወደው ሰው ስንል መራራውን ደብቀን ጣፋጩን ብቻ ልናቀምሰው እንፈልጋለን። ሐሳባችን መልካም ነው። ነገር ግን ደስታ ብቻውን አይቆምም፤ እውነት ካልተጨመረበት ይበላሻል። ሐዘን ደግሞ ሁለት ሰው ሲካፈለው ቤት የሚያቆም ነገር ይሆናል። ቢዘገይም እንኳ ይሆናል።

እናንተስ? በቤታችሁ ውስጥ ለሌላው እያዘናችሁ የማትጠሩት ስም አለ? ያ የምታዝኑለት ሰው ለእናንተ እያዘነ ዝም ብሎ እንደሆነስ? ዛሬ ጠይቁት። ይህን ታሪክም እንዲህ ያለ ዝምታ ወደ ገባበት ቤት አድርሱት።