የካውያ ሜዳ ስም

ከደሴ ወደ ወልዲያ በሚወስደው መንገድ ላይ ካለች አንዲት ከተማ ዳር ካውያ ሜዳ የሚባል ገላጣ ቦታ አለ። ካውያ የሚሸጥበት ወይም ልብስ የሚተኮስበት ስፍራ ስላይደለ እንግዳ ሁሉ ስሙን ሲሰማ ይገርመዋል፤ ሽማግሌዎቹ ግን ነገሩ ሲነሳ ፊታቸው ይጠቁራል።

እንደሚነገረው፣ መብራት ወደ ከተማዋ በገባበት ዘመን አስካለ የምትባል ሴት አምፖልና የባትሪ ድንጋይ በአህያ ጭና ገበያ ለገበያ ትዞር ነበር። «ከተበላሸ መልሱልኝ፣ እቀይራለሁ» ትላለች፤ ትቀይራለችም። ሰው አምኗት ከጉልት ወደ ሱቅ ስትገባ ባሏ መንበሩ ከበሩ በላይ «አስካለ ኤሌክትሪክ» ብሎ በትልቁ አጻፈላት፤ እሷም ያን ቀን በደስታ አልቅሳለች ይባላል።

ሱቁ እየሰፋ በሐይቅም፣ በደሴም፣ በኮምቦልቻም ተከፈተ። ያኔ መንበሩ ደሴ ላይ ሌላ ትዳር መሠረተ፤ አስካለንም «ደክመሻል፣ ቤትሽ ዕረፊ» ብሎ ከሥራው አስወጣት። ከዚያም ርካሽ ካውያ በመኪና እያስመጣ በየቅርንጫፉ አራገፈው። ካውያው የብዙ ሰው ልብስ አሳረረ፤ አንዲት አራስም ኤሌክትሪክ ይዟት ቀኝ እጇ ሽባ ሆኖ ቀረ። ሰዉ ሊመልስ ቢሄድ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» ተባለ። ያ ሁሉ ሰው ካውያውን እየያዘ የአስካለን ደጅ አንኳኳ።

«እትዬ፣ እኛ የገዛነው ስምሽን አምነን ነው» አሏት።

አስካለ የአንገቷን ድሪ፣ የጆሮዋን ወርቅ ሸጣ ለሰዉ ገንዘቡን እየመለሰች ካውያውን ሁሉ ተቀበለች። ከዚያ ደሴ ወጥታ በደንበኛ ፊት፣

«መንበሩ፣ ስሜን አውርድልኝ» አለችው።

«የምን ስምሽ?» አለ፣ ከወንበሩ ሳይነሳ። «ስሙ የድርጅቱ ነው። ከፈለግሽ አንቺ ሌላ አውጪ።»

ተመልሳ ከአባቷ በወረሰችው መሬት ላይ ጉድጓድ አስቆፍራ ካውያዎቹን ቀበረች ይባላል። ከዚያ ወዲህ «አስካለ» ብሎ ለጠራት ሁሉ መልሷ «እሷ ማዶ ናት፣ ሱቁ ውስጥ» ብቻ ሆነ።

ስትሞት ከመጣው የአበባ ጉንጉን ሁሉ ትልቁ «ከአስካለ ኤሌክትሪክ» የሚል ነበር። መንበሩም ድንኳኑ ውስጥ ከፊት ተቀምጦ «ያጽናህ» ሲባል ዋለ።

አሁንም ክረምት ገብቶ ጎርፉ አፈሩን ሲያጥበው ከሜዳው የዛገ ካውያ ብቅ ይላል። ኳስ ተጫዋቾች ለጎል ምልክት ሁለት ሁለቱን እየለቀሙ ያቆሙታል፤ ጨዋታው ሲያልቅም በእግራቸው ገፋ አድርገውት ይሄዳሉ።