ሽፋኑን ያለበሰው እጅ

«አንድ ራዲዮ ጠጋኝ ነበረ» ብለው ጀመሩ ጋሽ ተሰማ። የእኅታቸው ልጅ በማግስቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሽምግልና ሊቀመጥ ነውና፣ «የሰውየው ሌብነት አገር ያወቀው ፀሐይ የሞቀው ነው። እኔ ግን መፍረድ ፈራሁ። ፍርሃቴ ድካም ይሆን እንዴ ጋሼ?» ብሎ ጠይቋቸው ነበር።

ይህ ጠጋኝ በራዲዮ መነጋገር ከሚወዱ ጥቂት ሰዎች ጋር ሆኖ፣ ከብዙ ዓመት በፊት ተራራ ጫፍ ላይ አንድ አሮጌ ራዲዮ አቁሞ ነበር። የደጋውን ድምፅ ተቀብላ ወንዝ ዳር ላሉት መንደሮች የምታሻግር እሷ ነች። ወንዙ ሲሞላ የቆላ ሰው ሰምቶ የሚያመልጠው በእሷ ነው።

አንድ ክረምት ደጋ ያለው ጓደኛው በራዲዮ «ውሃው እየወረደ ነው» ሲል ሰማ። ከታች ግን የመለሰ የለም። ሚስቱና ሁለት ልጆቹ ያሉት ወንዙ ዳር ነው። ውሃው እስኪደርስ ሁለት ሰዓት ቢሆን ነው። ትርፍ ባትሪ ተሸክሞ ተራራውን ወጣ።

ራዲዮዋ ትሰማለች፣ ማስተላለፍ ግን አቅቷታል። ሽፋኗ ላይ የተለጠፈው ሰሌዳ «ሃያ አራት ቮልት» ይላል፤ የተያያዘላት ባለ አሥራ ሁለት አንድ ባትሪ ብቻ ነው። «የትኛው ደንቆሮ ነው እንዲህ ያሰራት? እስካሁን መሥራቷም ተአምር ነው» ብሎ ሁለተኛውን ባትሪ ሊቀጥል ሽቦውን አነሳ።

ከመቀጠሉ በፊት ግን ሁለት ፍርሃት ያዘው። አንዱ ፍርሃት ቶሎ በል ይለዋል። ሌላው ደግሞ፣ ብትቃጠልስ? ሌላ የለህም ይለዋል። አሮጌ ራዲዮ እንደሆነ የሞተው ራዲዮ ሽፋን ለዳነው ይሰጣል፤ ላዩ ሌላ ሆዱ ሌላ የሆነ ስንት አይቷል። አራት ብሎን መፍታት ግን ጊዜ ይበላል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ብሎ መፍታት ጀመረ። በየብሎኑ የልጆቹ ፊት ይመጣበት ነበር።

ውስጧ በእርሳስ ተጽፏል፤ «አሥራ ሁለት ብቻ። ሽፋኑ የሌላ ነው።»

ጽሕፈቱ የገዛ እጁ ነበር። እሱ ራሱ የሌላ ሽፋን አልብሷት ረስቶታል።

ሁለተኛውን ባትሪ ትቶ ጉድለቱን ፍለጋ ገባ። ሲፈልግ ሲፈልግ፣ ወደ አንቴናው የሚወጣው ገመድ ጫፉ ውሃ ገብቶበት በስብሶ አገኘው። የበሰበሰውን ቆርጦ ደህናውን አሰረና «ውሃ መጣ፣ ውጡ» ብሎ ጠራ። ደግሞ ጠራ። በመጨረሻ የሚስቱ ድምፅ መጣ፤ «ሰምተናል። ልጆቹን ይዤ ወደ ዳገቱ እየወጣሁ ነው።»

ጋሽ ተሰማ ወደ እኅታቸው ልጅ ዞሩ።

«ቶሎ በል የሚልህን ፍርሃት አትስማው። ክፈትና እይ የሚልህን ግን አታባርረው፤ እሱ ድካም አይደለም። ነገ ፊትህ የሚቆመው ሰው ላዩ ላይ ሌባ የሚል ተለጥፎበታል። ብሎኑን ፈታ አድርገህ ውስጡን እይ፤ ሽፋኑን ማን እንዳለበሰውም ጠይቅ። ያን ስም ስናወጣለት እኔም እዚያው ነበርኩ።»