በተጠሙት ፊት የተጠጣ ውኃ

አንድ የቧንቧ ሠራተኛ ነበር። ስሙ ዳምጤ ይባላል። ከሚኖርባት ከተማ ግማሹ ሰፈር ውኃ የሚያገኘው እሱ በቀበረው ቱቦ ነው ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም። አዲስ ቧንቧ መጀመሪያ ሲከፈት እንደ ሽማግሌ ይስላል፣ ከዚያ አየር ይተፋል፣ በመጨረሻ ውኃው ይመጣል። ዳምጤም ሁልጊዜ የመጀመሪያውን እፍኝ ራሱ ቀምሶ ነበር ለባለቤቱ የሚያስረክበው።

አምሳ ዓመት ሳይሞላው ሁለቱም ኩላሊቶቹ ሥራ አቆሙ። ሐኪሞቹ በሳምንት ሦስት ቀን ደሙ በማሽን እንዲታጠብ አዘዙና ውኃ ከለከሉት። የገባበትን የማያስወጣ ሰውነት እንደ ተደፈነ ቦይ ነው፤ ስለዚህ በቀን ከሁለት ብርጭቆ እንዳያልፍ ነገሩት። ዕድሜውን ሙሉ ለሌላው ውኃ ሲያደርስ የኖረው ሰው ይህን ሲሰማ ሳቀ። ሌላ ምን ያድርግ?

በእጥበት ክፍሉ ውስጥ በቀኙ እትዬ እንጉዳይ፣ በግራው ሃምሳ አለቃ ቦጋለ ይተኛሉ። እትዬ እንጉዳይ የበርበሬ ነጋዴ ናቸው፤ አንደበታቸውም ከሸቀጣቸው ብዙ አይለይም። ሃምሳ አለቃ ቦጋለ ጡረታ የወጡ ወታደር ናቸው። ጡረታ የወጣው ግን ሰውነታቸው ብቻ ነው፤ ትእዛዛቸው ገና በሥራ ላይ ነበር።

ክፍሉ ያልተጻፈ ሕግ ነበረው። በዚያ ክፍል ውስጥ «ውኃ» የሚለው ቃል አይነሳም። ግድ ሆኖ ከተነሳም «ያቺ» ይባላል። ማንም ሰው፣ ታማሚም ሆነ ጤነኛ፣ እዚያ ውስጥ አይጠጣም። አንዲት አዲስ ነርስ አንድ ቀን ሳታውቅ ከላስቲክ ጠርሙሷ ብትጎነጭ፣ የክፍሉ ሰው ሁሉ ወሬውን አቁሞ ጉሮሮዋን ያይ ጀመር።

«የኔ ልጅ» አሏት ሃምሳ አለቃ ቦጋለ፣ «እኔን ጠላት ማርኮኝ ያውቃል። እሱ እንኳ እንዲህ አልጨከነብኝም።»

ነርሷ ከዚያ ወዲህ ጠርሙሷን በር ላይ ትታ ትገባለች። ሕጉን ከማንም አብልጦ የሚያከብረው ዳምጤ ነበር። በተጠማ ሰው ፊት መጠጣት በተራበ ሰው ፊት እንደ መጉረስ ነው ተብሎ ነው ያደገው፤ በሕይወቱ ብዙ ነገር አጥፍቶ ይሆናል፣ ይህን ነውር ግን ሠርቶ አያውቅም።

ከጊዜ በኋላ ታናሽ እህቱ ስንዱ ኩላሊቷን ልትሰጠው ተነሳች። ነገሩን ብዙም አላንዛዛችውም። «ሁለት አለኝ፤ አንዱ ያንተ ነው» አለችው። እምቢ ቢላት አኮረፈችው፤ ኩርፊያዋን ከበሽታው ይልቅ ስለሚፈራው ተሸነፈ።

በመጨረሻው የእጥበት ቀን እትዬ እንጉዳይ ከአልጋቸው ሆነው እጃቸውን አነሱለት።

«ሂድ እንግዲህ፣ ይቅናህ። ያቺን እስክትጠግብ ጠጣና ጣዕሟን መጥተህ ንገረን። እኛ ረስተነዋል።»

«አሜን እትዬ» አለ ዳምጤ፣ ምን ላይ አሜን እንዳለ ልብ ሳይል።

ንቅለ ተከላው ሰመረ። ሐኪሙ አልጋው ጫፍ ላይ ቆሞ «አቶ ዳምጤ፣ ያንን የድሮውን ልማድ ይርሱት» አለው። «አዲሱ ኩላሊት ውኃ ይፈልጋል። ሳይጠማዎትም ይጠጡ፤ ቀኑን ሙሉ ይጠጡ። ከደረቀ እናጣዋለን።» ዳምጤ የመጀመሪያውን ብርጭቆ አነሳና፣ እንደ አዲስ ቧንቧ እፍኝ፣ ጥቂቱን አፉ ውስጥ ይዞ ቆየ። ሲውጠው እንባው መጣ። በዚያ ሳምንት ከእሱ የበለጠ ደስተኛ ሰው በከተማው ውስጥ አልነበረም።

ከሆስፒታሉ ሲወጣ እሱና ስንዱ በአቅራቢያው ቤት ተከራዩ። ገና ስላልጠና ጠያቂ ክፍሉ ድረስ እንዳይገባ ተከልክሏል። መስኮቱ ግን ወደ በረንዳው ይከፈታል፤ በረንዳው ላይ አግዳሚ አለ፤ ከበረንዳው ሥር ደግሞ አቧራ የለበሰ፣ ሰው ሁሉ የረሳው ትንሽ የሎሚ ዛፍ ቆሟል።

በመጀመሪያ የመጡት እትዬ እንጉዳይና ሃምሳ አለቃ ቦጋለ ናቸው። ከማሽኑ እንደተነሱ፣ ጉልበታቸው እየከዳቸው፣ ግድግዳ እየተደገፉ መጡ። አፍና አፍንጫቸውን በጭንብል ሸፍነው አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። እትዬ እንጉዳይ ለመሳቅ ጭንብላቸውን ዝቅ ሲያደርጉ ዳምጤ ከንፈራቸውን አየ። እንደ በጋ መሬት ተሰነጣጥቋል። እጁ ሳያስበው ራስጌው ላይ የነበረውን ጆግ አነሳና አልጋው ሥር ከተተው።

እነሱ እስኪሄዱ አልጠጣም። ከሄዱም በኋላ ብርጭቆውን ሲያነሳ ያ ከንፈር ይመጣበታል። እኔ ምን በልጬ ነው? ይላል። ብርጭቆው ይከብደዋል፤ መልሶ ያስቀምጠዋል።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ደግ ነበር። የእጥበት ክፍሉ ሰዎች ግን ስንዱ ከቤት ስትወጣ ዳምጤ ብቻውን ተቀምጦ እንደሚውል ሲሰሙ አዘኑለት። ተመካከሩና ተራ ገቡለት። ሰው የሌለበት ቀን እንዳይኖር፣ ዛሬ እነ እገሌ፣ ነገ እነ እገሊት እየተባባሉ ከጠዋት እስከ ማታ አግዳሚው አይለቀቅም። እነሱ ሲያጫውቱት ጆጉ አልጋ ሥር ይውላል። ስንዱ ማታ መጥታ ሙሉ ጆግ እንዳታገኝ ደግሞ፣ ጠያቂ ፊቱን ሲያዞር ወይም ሲሄድ ዳምጤ ውኃውን በመስኮት ወደ ሎሚው ይደፋዋል። የእነሱ ደግነትና የእሱ ይሉኝታ ተጋገዙና፣ አንድም ክፉ ሰው በሌለበት፣ አንድ ሰው ይደርቅ ጀመር። ሎሚው ግን አቆጠቆጠ።

የደም ምርመራው ተበላሸ። ሐኪሙ ወረቀቱን ደጋግሞ አየ።

«በደንብ ይጠጣሉ?»

«እጠጣለሁ።»

«ቀኑን ሙሉ?»

«ጆጉ ባዶ ሆኖ ነው የሚያድረው» አለ ዳምጤ። ይህ እንኳ እውነት ነበር።

ሐኪሙ ግራ ገባው። ምናልባት ሰውነቱ እንግዳውን ኩላሊት ሊገፋው ይሆናል ብሎ ሠጋ፤ በማግስቱ ሆስፒታል ተመልሶ እንዲተኛ አዘዘ። ካልተሻሻለ ኩላሊቱ ላይተርፍ እንደሚችልም ለእሱና ለስንዱ ሳይሸሽግ ነገራቸው።

ወደ ቤት ተመለሱ። ስንዱ በረንዳው ላይ ስትደርስ ገና ያልጠገገውን ጎኗን በእጇ ደግፋ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። ዳምጤ ክፍሉ ገብቶ በመስኮት አያት።

«ጋሽዬ፣ ይቅር በለኝ» አለችው።

«ምን አድርገሽ?»

«የኔ ነገር አልሆነህም። ጥሩ ነው ብለውኝ ነበር፤ እኔም ጥሩ መስሎኝ ነበር። ምን ዓይነቱን ሰጥቼህ ይሆን?»

ዳምጤ ዓይኑን ወደ አልጋው ሥር ጣለ። የዕለቱ ተራ የእትዬ እንጉዳይና የሃምሳ አለቃ ነበርና ሁለቱም የግቢው በር ላይ ቆመው ሰምተዋታል። እትዬ እንጉዳይ ስንዱን ለማጽናናት ሲጠጉ እግራቸው ጭቃ ላይ አረፈ። ዝቅ ብለው አዩ። ከዚያ ሎሚውን ወደ ላይ አዩት።

«ይህን ማነው የሚያጠጣው?»

«ማንም» አለች ስንዱ ዓይኗን እየጠረገች።

«በዚህ በጋ? ዝናብ የለ፤ አጠጪ የለ፤ ሎሚው ግን ሙሽራ መስሏል።» ወደ መስኮቱ ዞሩ። «ዳምጤ!»

«አቤት እትዬ።»

«ያንን ጆግ ከተደበቀበት አውጣው።»

አወጣው። እንደሞላ ነበር።

«እህትህ እዚህ ራሷን ትረግማለች፤ አንተ ሎሚ ታጠጣለህ?»

«እናንተ ፊት እንዴት ልጠጣ?» አለ ዳምጤ። «ከማሽን ተነስታችሁ፣ ከንፈራችሁ ደርቆ፣ እኔን ልትጠይቁ መጥታችሁ… እንዴት ብዬ? ሕጋችን ነው እኮ። ሰው አይደለሁም እንዴ?»

ስንዱ ወንድሟን አየችው። በሕይወቷ እንዲህ ተናድዳ አታውቅም፤ እንዲህ ቀልሏትም አያውቅም። የትኛውን እንደምታስቀድም አላወቀችም።

እትዬ እንጉዳይ ግን ያውቁ ነበር። «አንተ ሰውዬ፣ አንተ ባልጠጣህ ቁጥር የእኔ ምላስ የሚርስ መሰለህ? ንገረኝ እንጂ! ይኸው ስንት ቀን ደረቅህልኝ፤ የቱ ጋ ነው የራስሁት? ያ ሕግ የተጠሙ ሰዎች ሕግ ነው። አንተ ከዚያ ክፍል ወጥተሃል። እኛ ነን ሸኝተን ያወጣንህ! ጣዕሟን ንገረን አልኩህ እንጂ ተመልሰህ ተጠማልኝ መቼ አልኩህ?»

«እትዬ…»

«ከዚህች ልጅ ጎን ተቆርጦ የወጣውን ነው በይሉኝታ ልታደርቀው የነበረው። ደግሞ «ያቺ» ማለትም በቃኝ። ውኃ! ውኃ ነው ስሟ። ይኸው አልኩት፤ ምን ሆንኩ?»

ያ ቃል በእነሱ መካከል ሲጠራ የመጀመሪያው ነበር። እትዬ እንጉዳይ በመስኮቱ በኩል ጆጉንና ብርጭቆውን ተቀብለው ብርጭቆውን እስከ አፉ ሞሉት።

«የዛሬ ድርሻዬን ጠዋት ጠጥቼዋለሁ። ይህ የተከለከልኩት ነው። እሱንም ድርሻዬ ነው ብዬ ለአንተ ሰጠሁህ። እያየሁህ ጠጣልኝ።»

ዳምጤ ወደ ሃምሳ አለቃ አየ፤ ምናልባት የሚያስጥለው ያገኝ እንደሆን።

«ምን ታየኛለህ? ትእዛዝ ነው» አሉ ሃምሳ አለቃ ቦጋለ። «ጠጣ!»

ጠጣ። መጀመሪያ እያነቀው፣ ከዚያ እየወረደለት። እትዬ እንጉዳይ ዓይናቸውን ከጉሮሮው አልነቀሉም። ሃምሳ አለቃ ቦጋለ ግን ፊታቸውን ወደ መንገዱ አዞሩ፤ ባዶ አፋቸውን ዋጥ አደረጉ፤ ከዚያ እንደገና ዞረው እስከ መጨረሻው ጠብታ ተመለከቱ። ቀላል አልነበረም። ቀላል ነው ያለም የለም።

«እሺ፣ ጣዕሙ?» አሉ እትዬ እንጉዳይ።

ዳምጤ ብርጭቆውን ይዞ አሰበ። «ይቀዘቅዛል» አለ። «ትንሽ የብረት ሽታ አለው። ቱቦው አሮጌ ነው።»

«እሱንማ ቧንቧ ሠራተኛ ሆነህ ነው» ብለው ሳቁ። የሳቁት እስኪያስላቸው ነው።

በማግስቱ ሐኪሙ የሆነውን ሲሰማ ወቀሰውና ለጥቂት ቀን በጉሉኮስ አጠጣው። ኩላሊቱ ተመለሰ። ተራ ገቢዎቹም አልቀሩም፤ ነገር ግን ከዚያ ወዲህ አግዳሚው ላይ የሚቀመጥ ሰው ሁሉ አስቀድሞ አንድ ብርጭቆ ይቀዳለታል። «ይህ የኔ ነው» ይለዋል። ዳምጤ በሰው ስም እየጠጣ ዳነ። ሎሚውን ስንዱ ትንሽ ትንሽ ታጠጣው ነበር፤ አንዴ ካስለመዱት ምን ይደረግ።

ሁሉም ግን የዳምጤ ዕድል አልገጠማቸውም። እትዬ እንጉዳይ ሰጪ ሳይገኝላቸው በዚያው ዓመት አረፉ። ዳምጤ ልቅሶ ቤቱ ሲደርስ ድንኳኑ ሙሉ ነበር። ገብቶ ተቀመጠ፤ አለቀሰ፤ ከዚያ ቀና ብሎ በሰው ሁሉ ፊት ውኃ ስጡኝ አለ። አመጡለት። ብርጭቆውን በሁለት እጁ ያዘና «ይህ የእትዬ እንጉዳይ ነው» ብሎ እስከ ጠብታው ጠጣው።

ከዘመድ ወገን አንዱ ቅር አለው። «ምን ዓይነት ሰው ነው? አስከሬን ሸኝተን ሳንመለስ እንዲህ ይጠጣል?»

አጠገቡ የተቀመጡት ሃምሳ አለቃ ቦጋለ፣ ከንፈራቸው እንደ ወትሮው ተሰንጥቆ፣ የሰውየውን ክንድ ያዝ አደረጉት።

«ተወው ወንድሜ» አሉ። «ትእዛዝ ላይ ነው።»

ከተጠማ ሰው ጋር አብሮ መጠማት ፍቅር ይመስላል፤ አንዳንዴም ነው። ነገር ግን የአንተ መድረቅ የማንንም ጉሮሮ የማያርስ ከሆነ፣ ያ ይሉኝታ ነው፤ ዋጋውንም የሚከፍለው ጎኑን ቆርጦ የሰጠህ ሰው ነው። ከመከራ ቀድመህ ስትወጣ፣ ወደ ኋላ የቀሩት ወዳጆችህ አብረሃቸው እንድትቀር አይጠብቁም። ሊያዩ የሚፈልጉት መውጣት እንደሚቻል ነው፤ ሊሰሙ የሚፈልጉት ጣዕሙን ነው። ስለዚህ ፊታቸው ጠጣ፤ ስማቸውን ጠርተህ ጠጣ።

አንተስ፣ አንቺስ፣ ማንን አፍራችሁ አልጋ ሥር የደበቃችሁት ጆግ ይኖር ይሆን? ካለ አውጡት። ሎሚው በቅቶታል።