የሾፌሩ ክዳን

አንድ ጡረታ የወጣ የታንክ አዛዥ ነበር። ሃምሳ አለቃ ይርዳው ይባላል። ሚስቱ ከሞተች በኋላ ቤቱ ጭር ቢልበት የወንድሙ ልጅ ከውጭ ሲመጣ በካርቶን የታሸገ ታንክ አመጣለት። ታንክ ስል አትደንግጡ፤ የፕላስቲክ ነው። ከሁለት መቶ በላይ ቁርጥራጭ እየተጣበቀ ሲገጣጠም ከአንድ ስንዝር ትንሽ የሚበልጥ ታንክ ይወጣዋል። ጉዱ ግን ይርዳው በጦርነቱ ጊዜ ሲያዝዘው የነበረውን ታንክ ቁርጥ መምሰሉ ነው።

ይርዳው ሥራዬ ብሎ ያዘው። ጠዋት መስኮቱ ሥር ይቀመጥና በወረንጦ እያነሳ፣ በሙጫ እያጣበቀ፣ ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት እያለሰለሰ ይውላል። ሰንሰለቱን አንድ በአንድ ቀጣጠለ። የጭስ መውጫውን በከሰል ዱቄት አጠቆረ። ድሮ ድንጋይ ጎኑን የፋቀበትን ጭረት እንኳ አልረሳም፤ በመርፌ ጫረበት። ካርቶኑ ውስጥ ጣት የማታህል የሾፌር ምስል ነበረች፤ እሷን ግን ቀለም አልቀባትም። «ውስጡን ማን ያየዋል» አለና ከተራረፈው ጋር ካርቶኑ ውስጥ ተዋት። ሾፌሩ የሚገባበትንና የሚወጣበትንም ክዳን በሙጫ ዘጋው።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ያልደረሳቸው አንድ ሰው ነበሩ፤ ጎረቤቱ እማማ ዘርትሁን። አንድ ልጃቸው አዳሙ የይርዳው ታንክ ሾፌር ነበር። ሲዘምቱ «ልጄን አደራ» ብለው በእጁ የሰጡት ለይርዳው ነው። ይርዳው ተመለሰ፤ አዳሙ አልተመለሰም። «ጦሩ ሲበተን ተለያየን፤ ከዚያ ወዲያ አላየሁትም» አላቸው። እማማ ዘርትሁንም ልጃቸው ይሙት ይኑር ሳያውቁ ሠላሳ ዓመት ኖሩ። ለቅሶ አልተቀመጡም፤ ተዝካር አላወጡም። ድንገት ቢመጣ ደጅ እንዳይቆም ብለው በራቸውን ቀርቅረው አድረው አያውቁም። ሌባ እንኳ ሁለት ጊዜ ገብቶባቸዋል። እሁድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ይርዳው ዘንድ ጎራ ይሉና «የሰማኸው ነገር አለ?» ይሉታል። «የለም እማማ» ይላቸዋል። ሁልጊዜ እንደዚሁ ነው።

ታንኩ ያለቀ ዕለት ይርዳው የመድፉን አፈሙዝ ቀጥ አድርጎ ወደ ፊት አዞረና ባለመስታወቱ ቁም ሳጥን ውስጥ አስቀመጠው። በማግስቱ ጠዋት ሲያየው አፈሙዙ ወደ ቀኝ ዞሯል። አይጥ ይሆናል ብሎ መለሰው። በሦስተኛውም ቀን ዞሮ አገኘው። ቁም ሳጥኑን ቆለፈና ቁልፉን ኪሱ ከተተ፤ እንዲያም ሆኖ ዞረ። በመጨረሻ የታንኩን አናት ከነመድፉ በሙጫ አጣብቆ ቀኑን ሙሉ ሲያደርቀው ዋለ። ጠዋት ሙጫው ተሰነጣጥቆ፣ አፈሙዙ ወደዚያው ወደ ቀኝ ዞሮ ጠበቀው። ለምን ወደ ቀኝ እንደሚዞር በዓለም ላይ ከእሱ በቀር የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

እሁድ ጠዋትም እንደ ልማዱ አፈሙዙን ወደ ፊት መለሰው። ረፋድ ላይ፣ ፀሐይ ቤቱን ሞልታው ሳለ፣ ከቁም ሳጥኑ ውስጥ ኳ፣ ኳ፣ ኳ የሚል ድምፅ ተሰማ። ደግሞ ኳ፣ ኳ፣ ኳ አለ። ይርዳው ያንን ድምፅ ያውቀዋል። ታንኩን አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረው። ካርቶኑንም አውርዶ ወለሉ ላይ ዘረገፈው፤ ትንሿ ሾፌር የለችም። ተንበርክኮ ሲፈልጋት እማማ ዘርትሁን ምርኩዛቸውን ይዘው ገቡ።

ጠረጴዛው ላይ ያለውን አይተው ቀረብ አሉ።

«ከአዳሙ ጋር የነበራችሁበት ይሄን የመሰለ ነው?»

«አዎ እማማ።»

«እሱ በየት ነበር የሚገባው?»

ይርዳው በጣቱ ክዳኑን አሳያቸው። አሮጊቷ ጎንበስ ብለው ብዙ አዩ።

«መድፉ ላዩ ላይ ተጋድሞበት የለም እንዴ? ታዲያ ልጄ በምን ይወጣል?»

ስለ ታንክ አንዳች የማያውቁ ባልቴት ናቸው። ሠላሳ ዓመት ግን ይርዳው የሸሸው ይህንኑ ጥያቄ ነበር።

«አይወጣም፣ እማማ» አለ። «አናቱ ካልዞረለት አይወጣም። ተመትተን እሳት ሲነሳ እኔ በላይ በኩል ዘልዬ ወጣሁ። ትንሽ ወደ ቀኝ ባዞረው ይበቃው ነበር፤ አምስት እስኪቆጠር ቢሆን ነው። አላዞርኩለትም። ከውስጥ ሲያንኳኳ ሰምቻለሁ።»

«ስንት ጊዜ አንኳኳ?»

«ሦስት ጊዜ። ደግሞ ሦስት ጊዜ።»

እማማ ዘርትሁን አልጮሁም። አፈሙዙን በጣታቸው ገፋ አድርገው ወደ ቀኝ አዞሩት። በሙጫ የታሸገውን ክዳን በጥፍራቸው ቢነኩት ያለምንም ችግር ተከፈተ። ቀለም ያልነካት ትንሿ ሾፌር ሁለት እጆቿን ወደ ላይ ዘርግታ ውስጡ ተቀምጣለች። «በቃ ልጄ፣ ና ውጣ» አሉና አውጥተው በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሯት። ከዚያ ወደ ይርዳው ዞሩ።

«ከእሳት ሰው ሁሉ ይሸሻል፤ በእሱ አልፈርድብህም። ሠላሳውን ዓመት ግን እሳት አልነበረም።»

ቤታቸው እንደደረሱ ነው ጩኸታቸው የተሰማው። ሰፈሩ ግልብጥ ብሎ ወጣ፤ ድንኳን ተተከለ። ይርዳውም መጣና ሰው ሁሉ እየሰማው ያደረገውን ተናገረ። ከአጠገቡ ተነስተው የሄዱ ነበሩ፤ እሱ ግን እስከ መጨረሻው ተቀመጠ። ለቀስተኛው ሲበተን እማማ ዘርትሁን ከሠላሳ ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ በራቸውን ቀረቀሩ። የታንኩ አፈሙዝም ወደ ቀኝ እንደዞረ ቀረ፤ ዳግመኛ አልተንቀሳቀሰም።

ወዳጆቼ፣ ሰው ከጥፋቱ እየሸሸ ብዙ ነገር አሳምሮ ሊሠራ ይችላል። ይርዳው የብረቱን ጭረት አልረሳም፤ እናቲቱን ግን በየሳምንቱ ሲሸነግላቸው ኖረ። በድንጋጤ የሠራነው ጥፋት የአፍታ ነው። የደበቅነው ጥፋት ግን በየማለዳው እንደ አዲስ የምንሠራው ነው፤ የሚጎዳውም ሰው ጎረቤታችን ሊሆን ይችላል። እስቲ ሁላችንም እንጠይቅ፦ በእኛ ዝምታ የተነሳ ዛሬም በሩን ሳይቀረቅር የሚያድረው ማን ነው?