ስልኩ አልሳቀባትም

አንዲት ልጅ ነበረች። ስሟን ኤፍራታ እንበላት። ትክክለኛ ስሟን ብነግራችሁ ስብከቱን ትታችሁ ዘመዶቿን ማፈላለግ ትጀምራላችሁ፤ አውቃችኋለሁ።

ይህች ልጅ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ወስዳ አላለፈችም። አባቷ አቶ ኤርሲዶ ሆሳዕና ውስጥ የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ አላቸው። የተከበሩ ሰው ናቸው። ዕርቅ ሲኖር የሚጠሩት እሳቸው፣ ጋብቻ ሲኖር ሽማግሌ ሆነው የሚላኩት እሳቸው። «ድገሚና ተፈተኚ» አሏት። ጠዋት ድገሚ፣ ማታ ድገሚ። ምሳ ላይ እንኳ ወጥ ድገሚ ሲባል ልጅቷ ትደነግጥ ነበር።

ልቧ ግን ሌላ ቦታ ነበር። የኤፍራታ ልብ ፀጉር ላይ ነበር። የሰፈሩን ሴቶች ሹሩባ የምትሠራው እሷ ናት። ሙሽራ ሲኖር ወደ እሷ ይመጣሉ፣ ለበዓልም ወደ እሷ ይመጣሉ። ሙያውን በደንብ ተምራ አንድ ቀን የራሷን ፀጉር ቤት መክፈት ትፈልጋለች። ታዲያ ይህን ለማን ትንገረው?

ለእግዚአብሔር ነገረችው። ጾም ጸሎት ያዘች። «ጌታ ሆይ፣ በር ክፈትልኝ» አለች። እናንተስ እንዲህ ብላችሁ አታውቁም? እዚህ ከተቀመጣችሁት ውስጥ በር ክፈትልኝ ያላለ ማን አለ?

በጾሟ መጨረሻ ቀን ጸልያ ከጉልበቷ ተነሣች። ስልኳን አነሣች። ቪዲዮ የምታይበትን ገጽ እንደከፈተች አንዲት የተዋበች ሴት ፈገግ ብላ ብቅ አለች። «ፀጉር መሥራት ትወጂያለሽ? ፈተናው አልመጣልሽም? አይዞሽ! ሥልጠናው በነፃ፣ መኖሪያው በነፃ፣ ስትጨርሺ ሥራው ውጭ አገር!»

እስቲ ራሳችሁን በእሷ ቦታ አድርጉ። ፀጉር ብላችሁ ጸልያችሁ ፀጉር ሲመጣ ምን ትላላችሁ? ፈተና ወድቄአለሁ ብላችሁ አልቅሳችሁ «ፈተናው አልመጣልሽም?» የሚል ሰው ሲመጣስ? ኤፍራታ ስልኩን ደረቷ ላይ አድርጋ አለቀሰች። «ጌታ ሰማኝ» አለች።

ደወለች። ያነሣችው ሴት ስሟ ማሂ እንደሆነ ነገረቻት። ድምፅዋ ማር ነው። «የኔ ቆንጆ» ትላታለች። መታወቂያሽን በፎቶ ላኪ አለቻት፤ ላከች። ሙሉ ቁመትሽን የሚያሳይ ፎቶ ላኪ አለቻት፤ ላከች። ለፀጉር ሥራ የእግር ፎቶ ምን ያደርጋል? አልጠየቀችም። ከእግዚአብሔር የመጣ መስሏታላ! ከእግዚአብሔር የመጣን ነገር ማን ይመረምራል?

«ሐሙስ ጠዋት አዲስ አበባ መናኸሪያ እቀበልሻለሁ» አለች ማሂ። «ብቻሽን ነይ። ለቤተሰብ ደግሞ አሁን እንዳትነግሪ። ከደረስሽ በኋላ ሰርፕራይዝ ይሆንላቸዋል።»

ወገኖቼ፣ ልጅቷ ሐሙስ አውቶቡስ ላይ ብትወጣ ኖሮ ዛሬ ይህን ታሪክ እየሳቅሁ አልነግራችሁም ነበር። ምናልባትም የምነግራችሁ ታሪክ አይኖርም ነበር፤ ፎቶዋ የኤሌክትሪክ እንጨት ላይ ተለጥፎ «ያያችሁ» ይባል ነበር።

ያዳናት ምን እንደሆነ ልንገራችሁ። የእኛው ልማድ ነው። በእነ ኤፍራታ ቤት እሁድ ከምሳ በኋላ ቤተሰቡ ተቀምጦ ይጸልያል። ከጸሎቱ በፊት አቶ ኤርሲዶ «ምስጋና ያለው?» ብለው ይጠይቃሉ። ጸሎቱ የተመለሰለት ሰው ዝም አይልም፤ ነውር ነው። የእግዚአብሔርን ሥራ መደበቅ ይሆናል። ኤፍራታ ምላሷን ነክሳ ለመቆየት ሞከረች። አልቻለችም።

«እኔ አለኝ» አለች። ሁሉንም ዘረገፈችው።

እናቷ ወይዘሮ አመለወርቅ እልልታቸውን አቀለጡት። አቶ ኤርሲዶ «ፀጉር» የሚለው ቃል ትንሽ ጎረበጣቸው፤ ግን «እግዚአብሔር ካለ እኔ ማን ነኝ?» ብለው አንገታቸውን ደፉ። አያችሁ? አባትም እናትም አመኑ። እኛ አማኞች አንዳንዴ በር የሚባል ነገር ከተከፈተ ወዴት እንደሚያስገባ አንጠይቅም።

አንድ ሰው ብቻ አላመነችም። ታላቅ እህቷ ዲቦራ። በቅርብ አግብታ ከቤት የወጣች፣ እሁድ እሁድ ከባሏ ጋር ለምሳ የምትመጣ።

«ኤፊ፣ ይህ ማስታወቂያ ለምን እኔ ስልክ ላይ አልመጣም?» አለች ዲቦራ።

«አንቺ አልጸለይሽማ!»

ሁሉም ሳቀ። ዲቦራ ግን «እስቲ የአባዬን ስልክ ስጡኝ» አለች። ያንኑ ገጽ ከፈተችው። ምን ወጣ? የጉልበት ሕመም ቅባት። ከሥሩ የወለል ሴራሚክ በቅናሽ። አቶ ኤርሲዶ ሰሞኑን ጉልበታቸውን እያመማቸው መድኃኒት ሲፈልጉ ነበር፤ ሴራሚኩም ለሱቁ ነው። የእናትየው ስልክ ባለ ቁልፍ ስለሆነ ማስታወቂያ የሚባል ነገር አያገኛቸውም፤ ብፅዕት ናቸው።

«አሁን ደግሞ የአንቺን» አለች ኤፍራታ፤ የእህቷን ስልክ ቀምታ ከፈተችው። ወጣ። የሕፃን ዳይፐር። ሲያወርዱት የሕፃን ጡጦ። ሲያወርዱት የሕፃን አልጋ።



«ዲቦራ» አሉ ወይዘሮ አመለወርቅ፣ «የምን ዳይፐር ነው?»

ዲቦራ መሬት መሬት አየች። ባሏ ጣሪያውን አየ። እናት እንደገና እልል አሉ። ይህኛው እልልታ በቦታው ነበር!

ልብ በሉ። እናት ሳታውቅ ስልኩ ያውቅ ነበር። የወለደቻት እናት ሳትሰማ ዳይፐር ሻጩ ሰምቷል።

እልልታው ሲበርድ ዲቦራ ወደ እህቷ ዞረች። «እኔ ስለ እርግዝና በስልኬ ሳነብ ነበር የሰነበትኩት። አባዬ ስለ ጉልበቱ። አንቺስ? ጾሙን ከመያዝሽ በፊት ምን ስትፈልጊ ነበር?»

ኤፍራታ አሰበች። «የፀጉር ሥልጠና ... ፈተና የወደቀ ሰው ምን መማር እንደሚችል ... ውጭ አገር የፀጉር ሥራ ...» አለች። ድምፅዋ እያነሰ እያነሰ ሄደ።

ገባችሁ? ተንበርክካ ለእግዚአብሔር ከመንገሯ በፊት፣ ተኝታ ለስልኩ ነግራዋለች። ቶሎ የመለሰላት ስልኩ ነው።

ይህ መንፈስ አይደለም፤ አስማትም አይደለም። ገበያ ነው። ምን እንደፈለጋችሁ፣ የቱ ቪዲዮ ላይ እንደቆያችሁ፣ የቱን ሁለቴ እንዳያችሁት ይያዛል። ነጋዴው «ይህን ዕቃ የሚመኝ ሰው ፊት አስቀምጡልኝ» ብሎ ይከፍላል፤ ያስቀምጡለታል። ነጋዴ ሁሉ ሌባ ነው አላልኩም። ዳይፐር ሻጩ ማንን በደለ? ግን ሌባም ከፍሎ ፊታችሁ መቆም ይችላል። ፈገግታ ደግሞ ለሁለቱም አንድ ነው።

አቶ ኤርሲዶ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ሽማግሌነታቸው መጣ። «ልጄ፣ ከእግዚአብሔር ከሆነ ጥያቄ አይፈራም። ደውዪላት፤ ድምፁን ለሁላችንም አሰሚው።»

ተደወለ። «የኔ ቆንጆ!» አለች ማሂ።

«ጤና ይስጥልኝ እመቤት። የኤፍራታ አባት ነኝ።»

«እ ... ጋሼ ... ቤተሰብ እንዳይሰማ ብያት ነበር እኮ።»

«ሰማን፤ ደስም አለን። እኛ ዘንድ ግን ልጅ ከቤት ስትወጣ ወጉ አለ። ጠያቂው ሽማግሌ ይልካል። እናንተም ሁለት ሰው ላኩልን። ቢሯችሁን፣ ፈቃዳችሁን፣ የማን ልጆች እንደሆናችሁ ይንገሩን። ምሳ አብልተን እንሸኛቸዋለን። እኛም አጣርተን በሳምንቱ መልስ እንሰጣለን።»

«በሳምንት እኮ ዕድሉ ያልፋል ጋሼ! እስከ ሐሙስ ብቻ ነው። ስንት ሰው ተሰልፏል መሰልዎት?»

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ልጄ። የሚያልፍ ከሆነ ይለፍ።»

ማሩ አለቀ። «ኤፍራታ፣ ትሰሚኛለሽ አይደል? ፎቶሽም መታወቂያሽም እጄ ላይ ነው። አስቢበት!» ብላ ዘጋችው። ደግመው ቢደውሉ ስልኩ አይሠራም።

የሦስት ደቂቃ ወግ አልቻለችም! ባለ ጉዳይ ሽማግሌ ልኮ «ሂዱና ተመለሱ» ቢባል ይመለሳል። የእውነት የሚፈልግ ሰው ደጅ ይጠናል። ያቺ ግን «የማን ልጅ ነሽ?» ስትባል ሸሸች።

ታሪኩ እዚህ ያለቀ መሰላችሁ? እኔ የተነሣሁት ከዚህ በኋላ ያለውን ልነግራችሁ ነው።

ኤፍራታ እዚያው ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ ማልቀስ ጀመረች። ስለ ፎቶዋ አልነበረም። ስለ መታወቂያዋም አልነበረም። «እና እግዚአብሔር አልሰማኝም ማለት ነው?» አለች።

እኔ ብሆን ግማሽ ሰዓት እሰብክላት ነበር። አቶ ኤርሲዶ ግን እንደኔ ለፍላፊ አይደሉም። ጉልበታቸውን እያመማቸው ከወንበራቸው ወርደው አጠገቧ ወለሉ ላይ ተቀመጡ።

«ይህን ሥራ ይህን ያህል ትወጂዋለሽ?»

«አዎ።»

«ለእግዚአብሔር ነገርሽው። ለስልኩ ነገርሽው። ለምን ለእኔ አልነገርሽኝም?»

«ነግሬህ ነበር አባዬ። አምና ፀጉር ቤት ብከፍትስ አልኩህ። አንተ ሳቅህ። እንግዶች ፊት ‹የኤርሲዶ ልጅ ፀጉር ጎንጓኝ!› ብለህ ሳቅህ። ስልኩ አልሳቀብኝም።»

ወገኖቼ፣ ስንት ዕርቅ የፈጸሙ፣ በንግግራቸው አገር የሚያደንቃቸው ሽማግሌ እንባቸው መጣ። «ይቅር በይኝ ልጄ» አሉ። የደቡብ ሽማግሌ ልጁን ይቅርታ ሲለምን አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አይቼ አላውቅም።

ሰኞ ጠዋት አባትና ልጅ ፖሊስ ጣቢያ ሄደው የሆነውን ተናገሩ። ዲቦራ የእህቷን ገጽ የምታውቃቸው ሰዎች ብቻ እንዲያዩት አድርጋ አስተካከለችላት። ያቺ ሴት በፎቶው ልታስፈራራ ብትሞክርም ኤፍራታ ብቻዋን አልነበረችም፤ ቤቱ ሁሉ አውቋል። የታወቀ ነገር ማስፈራሪያ አይሆንም።

ከዚያ አቶ ኤርሲዶ ምን አደረጉ? ጋቢያቸውን ለበሱ፤ ሁለት ሽማግሌ ጓደኞቻቸውን አስከትለው ከተማው ውስጥ ጥሩ ስም ወዳላት ፀጉር ሠሪ ሄዱ። በሩ ላይ ቆሙ። ሴትዮዋ የደንበኛዋን ፀጉር በግማሽ ትታ ደነገጠች። ሽማግሌ ሲመጣ ለምን እንደሚመጣ ታውቃለች፤ እሷ ደግሞ ያገባች ሴት ናት።

«ቁጭ በሉ» አለች።

«ጉዳያችን ሳይፈጸም አንቀመጥም» አሉ። «ሴት ልጅ አለችን። ሙያሽን እንድታስተምሪልን ልንለምን ነው የመጣነው።»

ሴትዮዋ ምን ብትል ጥሩ ነው? «ልጅቷን ላጣራና በሳምንቱ ተመለሱ!» አለች። አቶ ኤርሲዶ ሳቁ። በሳምንቱ ተመለሱ። ኤፍራታ ዛሬ እዚያ ትሠራለች። እግዚአብሔር ሰምቷት ነበር፤ መልሱ የመጣው በአባቷ እግር ነው።

እናንተ ወጣቶች፣ ስልካችሁን ወንዝ ወርውሩ አልላችሁም። ብነግራችሁም አትወረውሩትም። ግን ምኞታችሁን በደንብ ያወቀ ሁሉ ወዳጃችሁ አይደለም። «ዛሬ ብቻ» የሚላችሁን ለሳምንት ቅጠሩት። «ለቤተሰብ እንዳትነግሪ» የሚልሽን ያኔውኑ ንገሪበት። የሚወዳችሁ ሰው ደጃችሁን አይሸሽም። ፎቶአችሁን የላካችሁና አሁን እየፈራችሁ የተቀመጣችሁ ካላችሁ፣ ዛሬውኑ ለምታምኑት ሰው ተናገሩ። አታፍሩ። ነውሩ የአታላዩ ነው።

እናንተ ወላጆች፣ ወደ እናንተ ልምጣ። አጥራችሁ ረጅም ነው። ውሻችሁ ተናካሽ ነው። ልጃችሁን የሚያገባ ሰው ሲመጣ ሰባት ቤት ትቆጥራላችሁ። ጥሩ ነው፤ ቀጥሉበት። ግን ልጃችሁ በልቡ ምን እንደሚመኝ ታውቃላችሁ? እናንተ ካላወቃችሁ የሚያውቅ አለ። አውቆ ለመሸጥ የተቀመጠ አለ።

ማስታወቂያውን አልፈራም። አታላዩንም አልፈራም። ልጁ ቤቱ ውስጥ የሚሰማው ሰው ካለ፣ የውጭው ሰው የፈለገውን ያህል ቢከፍል አይወስደውም። ይህን በሙሉ ልቤ እነግራችኋለሁ።

ዛሬ ቤት ስትገቡ ከልጆቻችሁ ጎን ቁጭ በሉ። ወንበር ካልተመቸ ወለሉ ላይ ቁጭ በሉ። «ምን ትመኛለህ? ምን ትመኛለሽ?» በሏቸው። ሲነግሯችሁ ጸልዩበት፣ ምከሩበት፣ ከፈለጋችሁም ተከራከሩበት። ብቻ አደራችሁን፣ አትሳቁባቸው።