የጎተራው ሰልፍ

ተረት ላውራላችሁ፤ ጆሯችሁን ብቻ አውሱኝ።

አውሬዎች ጅብን ከዙፋን አውርደው ዝሆንን ባነገሡበት ዓመት ዝናብ ጠፋ። ለአገሩ የቀረው አንድ ጎተራ እህል ብቻ ነበር። በጅብ ዘመን እህል ሲታደል የሚጀመረው ከንጉሡ ነው፤ አጠገቡ የቆመ ይጠግባል፣ ጫፍ ላይ የቆመ አቧራ ይደርሰዋል። አሁን ደግሞ የዝሆንን ሆድ ያየ ሁሉ "ዘንድሮስ አለቀልን!" አለ።

የእደላው ቀን ብልጣብልጧ ቀበሮ ማልዳ መጥታ ዝሆን ጎን ተለጠፈች። ዝሆን መጀመሪያ ለዘር የሚሆነውን ለይቶ አስቀመጠ። ከዚያ ቁናውን ለጦጣ ሰጥቶ፣ "ከወዲያ ጫፍ ጀምረሽ ስፈሪ" አላት። እዚያ ጫፍ ላይ ያለችው፣ መቆም እንኳ ያቃታት አሮጊት አህያ ነበረች። እህሉ ሲሰፈርላት ዓይኗን ማመን አቃታት።

ቀበሮ ደነገጠች። "ጃንሆይ፣ እርስዎስ?"

"እኔማ መጨረሻ ነኝ። ከተረፈ እበላለሁ፤ ካልተረፈም ቅጠል አላጣም።"

"እኔስ ታዲያ?"

ዝሆን ትልቁን ጆሮውን እያራገበ፣ "አንቺማ ከጎኔ ነሽ" አላት።

ተረቴን ጨረስኩ። ዳቦ የምታድሉ ከሆነ እናንተም ከወዲያ ጫፍ ጀምሩ።