የአዱኛን ልጅ ክርስትና ማን ያንሳው?

ሰው ትልቅ ውለታ ውሎልሽ፣ ግን እንዴት አድርጎ እንደዋለልሽ ቢያጠራጥርሽ፣ ልጅሽን ታስታቅፊዋለሽ? ይታይሽ ይህን ነገር እያገላበጠች ስንት ቀን ሆናት፤ መልሱን ግን እስካሁን አላገኘችውም። ነገሩ እንዲህ ነው።

በአንድ ወቅት፣ የሕግ ትምህርት ቤት ባለባት አንዲት ከተማ፣ ጡረታ የወጡ ሦስት ፕሮፌሰሮች ነበሩ። ጋሼ ሀብተየስ የቤተሰብ ሕግ ሲረቀቅ ከአርቃቂዎቹ አንዱ ነበሩ። ጋሼ ልሳነወርቅ ሠላሳ ዓመት አስተምረው የአካባቢውን ዳኛ ግማሹን ያፈሩ ናቸው። ጋሼ ጽጌ ደግሞ ጠበቃ ማቆም ለማይችል ድሃ በነፃ ማመልከቻ የሚጻፍበትን ክፍል ያቋቋሙ ናቸው። ጡረታ ሲወጡ ትምህርት ቤቱ መታወቂያቸውን ተቀበላቸው፤ ያለ መታወቂያ ደግሞ ግቢ መግባት ክልክል ነው። እነሱ ግን ከረባታቸውን አስረው በየማለዳው ይመጣሉ። የበሩ ዘበኛ አዱኛም «ቶሎ ግቡ እንግዲህ፣ እንዳታስባርሩኝ» እያለ ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ያሳልፋቸዋል።

ይህ አዱኛ የይታይሽ ባል ነበር። ባል ሲባል ግን አልተፈራረሙም፣ ድግስም አልተደገሰም፤ ብቻ አራት ዓመት አብረው ኖሩ። እሷ የሁለት ወር ነፍሰ ጡር ሳለች አዱኛ በድንገት ታሞ ሞተ። አርባው ሳይወጣ ወንድሙ ደመላሽ፣ ይቺ ሠራተኛው እንጂ ሚስቱ አይደለችም፣ ያረገዘችውም የማን እንደሆነ አይታወቅም፣ ቤቱን ትልቀቅ ብሎ ከሰሳት። ይታይሽ ዘመድ የላት፣ ማንበቡንም ፊደል እየቆጠረች ነው። ይሄኔ ሦስቱ ሽማግሌዎች ሳትጠራቸው መጡ። እሷም መጀመሪያ ያሰበችው፣ እነዚህ የተማሩ ሰዎች ከኔ ምን ፈልገው ነው ብላ ነው።

ጋሼ ሀብተየስ አንድ አሮጌ ደብተር አወጡ። ያኔ አርቃቂዎቹ ሲከራከሩ በእጃቸው የጻፉት ነው። እንደ ባልና ሚስት የኖሩ ስንል ወረቀት የሌላቸውንም ማለታችን ነው የሚል ቃል ከነቀኑ ሰፍሯል። ዳኛዋ አየችውና ቅጂውን ከመዝገቡ ጋር አያያዘችው። ነገር ግን ደብተሩን እስከ ፍርድ ቤት የተሸከመችው ይታይሽ ናት። ካፊያ ነበር፣ እጇ ርሷል። ያንን ገጽ ብትነካው ቀለሙ አውራ ጣቷ ላይ ቀረ። ሌላውን ገጽ ብትነካው ምንም የለም። ምነው ይሄ ብቻ ለቀቀ ብላ ጋሼ ሀብተየስን ጠየቀቻቸው።

«የዱሮ ቀለም ውሃ አይወድም፣ ልጄ» አሉና ደብተሩን ብብታቸው ውስጥ ሸጎጡት።

ጋሼ ልሳነወርቅ ምንም አላወጡም፣ ምንም አልተናገሩም። ዳኛዋ ተማሪያቸው ነበረች። በአራቱም ቀጠሮ ከዘራቸውን ይዘው ፊት ወንበር ላይ ተቀመጡ፤ ከዚያ በፊት ሰውን ታመናጭቅ የነበረችው ዳኛ እሳቸውን ካየች ወዲያ ይታይሽን እስከ መጨረሻው ሰማቻት። የደመላሽንም ጠበቃ ሲያምታታ አስቆመችው። ነገር ግን በፍርዱ ቀን፣ ልታነብ ስትል ዳኛዋ ቀና ብላ ሽማግሌውን አየች፤ እሳቸውም አንገታቸውን ደፋ አደረጉ። ይታይሽ አይታለች። ምን ማለትዎ ነው ብትላቸው ሳቁባት።

«አንቀላፍቼ ይሆናላ። በኔ ዕድሜ አንገት ራሱ ነው የሚወድቅ።»

ጋሼ ጽጌ ማመልከቻውን ጻፉ። ከዚያ በእግራቸው ሰፈሩን ዞሩ። ደመላሽን ፈርተው በራቸውን የዘጉባትን ጎረቤቶች አንድ በአንድ አንኳኩተው ሦስት ምስክር አቆሙላት። ሦስቱም ቀርበው ባልና ሚስት ነበሩ አሉ። ነገር ግን ሦስቱም አንድ ዓይነት ቃል ተናገሩ፦ ከሥራ ሲመጣ እግሩን ስታጥበው እናያለን። አዱኛ እግሩን ሲነኩት ይኮረኩረዋል፤ አንድ ቀን እንኳ አስነክቷት አያውቅም። ከችሎት ከወጡ በኋላ ይታይሽ ጋሼ ጽጌን፣ ይህን ቃል ማን አስተማራቸው አለቻቸው።

«እኔ በር ነው ያንኳኳሁት። ያዩትን እንዳያወሩ ልከልክላቸው ነበር?»

ፍርዱ፣ የሚወለደው ልጅ የአዱኛ ነው፣ እናቲቱም በቤቷ ትኑር አለ። ሕጉንም ምስክሮቹንም መዝነናል ይላል እንጂ የቱ ሚዛን እንደደፋ አይናገርም። እውነቱ ግን እውነት ነው፤ ባሏ ነበር፣ ልጁም የሱ ነው።

ወንድ ልጅ ተወለደ። ሦስቱ እንኳን ማርያም ማረችሽ ሊሉ በአንድ ቀን መጡና፣ ክርስትናውን እኔ ላንሳው፣ እኔ ላንሳው ተባባሉ። የአዱኛ ውለታ አለብን አሉ።

«ሕጉን ባንጽፈው በምን ትዳኝ ነበር?» አሉ ጋሼ ሀብተየስ።

«ሕጉማ ተኝቶ ነበር። የምታነበውን ዳኛ ማን አስተማረ?» አሉ ጋሼ ልሳነወርቅ።

ጋሼ ጽጌ ጫማቸውን እያሳዩ፣ «እናንተ ተቀምጣችሁ ነው ያሸነፋችሁት። ይሄ ሶል ያለቀው በማን እግር ነው?» አሉ።

ይታይሽ ልጇን አቅፋ ሦስቱንም ታያቸዋለች። ደግ ናቸው፣ ይህን አትክድም። ግን እሷ ድንገት አንድ ነገር ብትሆን ልጁን የሚያሳድገው ክርስትና አባቱ ነው፤ ከሱ በቀር ማንም የለው። የሰውየውን መንገድ ተምሮ ነው የሚያድገው። ያ መንገድ ቀና ይሁን ጠማማ በምን ትወቅ? ወይስ ደግነታቸውን የጠረጠረችው የሷ ልብ ነው የጠመመው? ሦስቱንም እንቢ እንዳትል ሌላ በሯን የሚረግጥ ሰው የለም።

የንስሐ አባቷ አንድ ስም ብቻ ነው የምቀበል፣ እስከ ቅዳሜ አሳውቂኝ ብለዋታል። እሑድ አርባ ቀኑ ነው።

እንግዲህ የምታነቡ ሁሉ፣ በተለይ ልጅ ያላችሁ፣ ለዚህ ልጅ የሚገባው የትኛው ነው? ሕጉን የጻፉት፣ ዳኛዋን ያስተማሩት፣ ወይስ በሩን ያንኳኩት? እናንተ ብትሆኑ ለማን ታስታቅፉታላችሁ? የመሰላችሁን ምከሯት።